አብሳይ ሳይቀምስ

ሲኞራ ማርያ ከማንኪያ ከተጣሉ ስድስት ሳምንት ሆናቸው። ተንከባካቢያቸው ዘርፈሽዋል የምታቀርብላቸውን ሾርባም ሆነ ፓስታ በዓይናቸው ገርመም ያደርጉና ሳህኑን ይገፉታል። የሚበሉት በገዛ እጃቸው የላጡትን ብርቱካን፣ ከነቅርፊቱ የቀረበላቸውን ቅቅል እንቁላል፣ እፊታቸው ከተከፈተ እሽግ የወጣ ብስኩት ብቻ ነው። በዚህ ስንቅ ሰው አይሰነብትም፤ ጉንጫቸው ጎድጉዶ ቀለበታቸው ከጣታቸው መውለቅ ጀምሯል።

የወንድማቸው ልጅ ባለፈው እሑድ መጥቶ አያቸውና ዘርፈሽዋልን ወደ ኮሪደሩ ጠራት።

«ቅዳሜ እኩለ ቀን እመለሳለሁ። እፊቴ ካልበሉ ወደ አረጋውያን ማቆያ እወስዳቸዋለሁ» አላት።

እሳቸው ከሄዱ ሥራዋ ይቀራል፤ ሥራዋ ከቀረ ፔርሜሶዋ፣ የጣሊያን የመኖሪያ ፈቃዷ፣ አይታደስም። ማደሻው የሚጠይቀው የአሠሪ ፊርማ በዚህ ሰው እጅ ነበር፤ ቀኑም የወሩ መጨረሻ ነው።

ወደ አገር ቤት መመለስ የሚታሰብ አልነበረም። ዘመኑ ፲፱፻፸ ዓመተ ምሕረት ነው። ታናሽ ወንድሟን ለተንኪኤልን በጥቅምት ወር የቀበሌ ሰዎች ከቤት ወስደውታል። እናታቸው ደብዳቤ ከፋቾች በማይጠረጥሩት ቃል «ለተንኪኤል ባለበት ለአንቺም አልጋ ተነጥፏል፤ ባለሽበት ሰንብቺ» ብላ ጻፈችላት። ዘርፈሽዋል ያን ዕለት ለመድኃኔ ዓለም ተሳለች፦ ሁዳዴን እስከ ፋሲካ አንዲት ጠብታ ቅባት ሳልነካ እጾማለሁ፤ አንተም ወንድሜን ከነነፍሱ አውጣልኝ።

ሲኞራ ማርያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከኢስታንቡል እስከ ካልካታ በአውቶቡስ፣ በባቡርና በጭነት መኪና የተመላለሱ ፎቶግራፍ አንሺ ናቸው። ቤተ መንግሥትና ተራራ አላጓጓቸውም፤ ያነሱት ድስት ነው። በየፎቶው ጀርባ ድስቱ ውስጥ የገባውን ሁሉ በእርሳስ ጽፈዋል፤ ፎቶዎቹም በማዕድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። አሁን ግን ያ ሁሉ መንገድ በራሳቸው ውስጥ ተወሳስቦባቸዋል፤ ሮም፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር ያለውን ቤታቸውን የካቡል ማረፊያ ያደርጉትና «የነገው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ነው?» ይላሉ።

ሐሙስ ዕለት ዘርፈሽዋል ቪያ ቮልቱርኖ በሚባለው መንገድ ላይ ወዳለው የኣስገደት ምግብ ቤት ሄደች። ኣስገደት አስመራ ላይ በአማርኛ የተማረች፣ ምላሷ የማይዝል ሴት ናት።

«አሎራ፣ አሮጊትሽ እንደ ጦጣ እየላጡ መብላቱን አልተዉም?»

«አልተዉም። ከፎቶአቸው ላይ የአፍጋኒስታኑን፣ የሄራቱን የበግ ሩዝ ልሠራላቸው ነው። ጨዉን ማን ይቀምስልኝ ይሆን?»

«እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ለሲኦል ጓደኛ ከፈለግሽ ሌላ ፈልጊ። በአፍንጫሽ ለኪው።» ኣስገደት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ አንቺን ብሆን አንዲት ጉርሻ እቀምስና ንስሐ እገባለሁ።»

«ንስሐ እኔን ያነጻኛል እንጂ የተሰበረ ስለት አይጠግንም» አለች ዘርፈሽዋል።

ቅዳሜ ረፋድ ፎቶውን ከምድጃው አጠገብ አስደግፋ በግ፣ ካሮት፣ ዘቢብ፣ ከሙንና ሩዝ አሰናድታ ሠራች። ሽታው ቤቱን ሲያውደው ሲኞራ ማርያ ሳይጠሩ ከክፍላቸው ወጥተው ማዕድ ቤት ተቀመጡ። ዘርፈሽዋል ከድስቱ ጨለፈች። ሳህኑን አቀረበች። ሳህኑን አዩት፤ እሷን አዩ፤ ገፉት።

የበሩ ደወል ጮኸ። የወንድማቸው ልጅ ገባና የማዕድ ቤቱን መቃን ተደግፎ ቆመ። የተገፋውን ሳህን ሲያይ ሰዓቱን ተመለከተ።

ዘርፈሽዋል የጎደለ ነገር እንዳለ ለማየት ፎቶውን አነሣች። እስከዚያች ሰዓት ያየችው ድስቱንና ጽሑፉን ነበር። አሁን ከድስቱ ኋላ የቆመውን ሻጭ አየችው፤ ጉንጩ ተወጥሮ እያኘከ ነው። ወደ ግድግዳው ዞረች። የላሆሩ ጋጋሪ የዳቦውን ጠርዝ ነክሷል። የታብሪዟ ሴት ጭልፋውን ከከንፈሯ አስጠግታለች። የማያኝክ አብሳይ አልነበረም።

«ሲኞራ፣ እነዚህ ሁሉ ለምን ይበላሉ?»

«ብቻዬን የምጓዝ ሴት ነበርኩ» አሉ ሲኞራ ማርያ። «አብሳይ ያልቀመሰውን አልበላም። አንቺ ከእኔ ጋር መብላት ትተሻል።»

እውነት ነበር። እስከ ቅበላ ድረስ ከአንድ ድስት ፊት ለፊት ተቀምጠው ይበሉ ነበር። በማግሥቱ ጾም ገባ፤ እሷ ማዕዱን ለብቻቸው ትታ ተነሣች።

«ጾም ስለሆነ ነው፤ ነግሬዎት ነበር» አለች።

«ያልቀመሱት ሁሉ ምክንያት ነበራቸው።»

«በቃ» አለ የወንድማቸው ልጅ። «ልብሳቸውን በሻንጣ አድርጊ።»

ዘርፈሽዋል ቁራሽ ሥጋ አነሣች። አፏ ውስጥ ጨመረችውና በጉንጯ ያዘችው፤ ሲዞሩ ልትተፋው ነበር። ሲኞራ ማርያ ግን ያዩት የነበረው አፏን አልነበረም። የሚመለከቱት ጉሮሮዋን ነበር።

«ዋጪ» አሏት።

የወንድሟ ስም ምላሷ ላይ ነበር፤ ከሥጋው ጋር አብሮ ወረደ። ጨዉ ልክ ነበር። ከሁሉም ያቃጠላት እሱ ነው።

ሲኞራ ማርያ ሩዙን በሦስት ጣታቸው ጠቅልለው ጎረሱ፤ ቀስ ብለው አኘኩ፤ ዋጡ። የወንድማቸው ልጅ ከመቃኑ ተላቀቀ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ለማደሻው ፊርማ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። ነገ ሆሳዕና ነው፤ ለፋሲካ ስምንት ቀን ቀርቷል።

አሮጊቷ ሳህኑን መልሰው ወደ ዘርፈሽዋል ገፉት።

«አሁንም አንቺ ቅደሚ።»

እጇን ዘረጋች።