ሰም ያልነካው ክር

ጣቴ ቂም የቋጠረችው በአንዲት አነጋገር ነው። ከሁለት ወር በፊት አንዲት ጨርቅ ነጋዴ ወደ ማቅለሚያው ቤት መጥታ ነበር። የጣቴ ወንድም ሚስት ጣቴ ቋጥራ ያቀለመቻቸውን ሻርፖች አንድ በአንድ እያነሳች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «ሁሉም የእኔ እጅ ሥራ ነው» አለቻት። ነጋዴዋ በርሜሉ ላይ ያጎነበሰችውን ጣቴን አይታ፣ «እሷስ?» ስትል፣ «እሷማ ውሃ የምትቀዳልን ናት» ብላ አለፈችው።

ጣቴ የሚለውን ስም ያወጡላት እናቷ ናቸው። በሰባት ዓመቷ ሐር ላይ ምስር የምታክል ቋጠሮ ስትቋጥር አይተው «አንቺ እኮ ጣቴ ነሽ» ካሏት ወዲህ በሌላ ስም የጠራት የለም። እናትየው ሲሞቱ ቤቱን ወንድሟ ያዘው፤ እሱ ደግሞ ሚስቱ ፊት አፍ የሌለው ሰው ነው። ለጣቴ የቀራት ሙያዋ ነበር፤ እሱንም ቀሟት።

አሁን ነጋዴዋ ትልቅ ትእዛዝ ልትሰጥ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሙሉ ሐር ቋጠሮው ሲፈታ፣ በባለሙያዋ በራሷ እጅ ሲፈታ ማየት እፈልጋለሁ አለች። የወንድሟ ሚስት ከሳጥኑ ሥር እናትየው ለጣቴ ብለው ያስቀመጡትን ሐር መዝዛ አወጣች። ትንፋሽ የሚያነሳው ስስ ሐር ነበር።

«በዚህ ሥሪልኝ። የምፈታው እኔ ነኝ።»

«ይሄ የእማዬ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«እሳቸው አሁን ምን ያደርግላቸዋል?»

ጣቴ ሐሩን ተቀበለቻት። ተቀምጣ ሦስት ቀን ቋጠረች። ጨርቁን በጥፍር ቆንጠር አድርጎ ማንሳት፣ በክር ጠምጥሞ ማጥበቅ ነው፤ ክር የያዘውን ቦታ ቀለም አይደፍረውም፣ ሲፈታ ነጭ ቀለበት ሆኖ ይወጣል። እናትየው ግን መቋጠሪያውን ክር ሁልጊዜ አስቀድመው በሰም ያሹት ነበር። ሰም የጠጣ ክር ቀለም አይጠጣም፤ ነጭ እንደሆነ ስለሚቀር የሚፈታው ሰው ክሩን ከሐሩ ይለየዋል። የወንድሟ ሚስት ያንን ነጭ ክር አልፎ አልፎ በመቀስ ቀጭ አድርጋ ታውቃለች፤ ሙያው እሱ ብቻ ይመስላታል። ጣቴ በዚህኛው ጊዜ ሰሙን ከመደርደሪያው አላወረደችም።

በሁለተኛው ቀን እጇ ወደ ሰሙ ሄዶ ነበር። የእናቷን ሐር አይታ ሆዷ ባባ። ከዚያ «ውሃ የምትቀዳልን» ትዝ አላትና እጇን መለሰች። ደግሞስ በወንድሟ ሚስት ላይ መውጫ ዘግታባታለች እንዴ? ቋጥሮ የሚያውቅ ሰው ክሩን አንዴ ዳስሶ ሰም እንደሌለው ይለያል፣ ሐሩ እስኪደርቅ ይጠብቃል፣ በጥፍሩ ይፈታል። መቀስ የሚያነሳ ሌባ ብቻ ነው።

ነጋዴዋ ሁለት ደንበኞቿን ይዛ መጣች። የወንድሟ ሚስት ከበርሜሉ የወጣውን እርጥብ ሐር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ክሩም ሐሩም አንድ ሰማያዊ ሆኗል። ፈገግ ብላ መቀሱን አነሳች። ጣቴ ባልዲ ይዛ በሩ ጋ ቆመች።

የመጀመሪያው ቋጠሮ ሲዘረጋ ነጩ ቀለበት መሃል ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ወጣ። «አንዳንዴ ያጋጥማል» አለች የወንድሟ ሚስት። ሁለተኛውም ተቀደደ፣ ሦስተኛውም። አራተኛውና አምስተኛውም እንደዚያው ሆኑ። ጣቴ በእያንዳንዱ ቀጭታ እናቷን በልቧ ይቅርታ ትጠይቃለች፤ አንጀቷ ግን ቅቤ ጠጥቷል። ሁለቱም እውነት ነበር።

ነጋዴዋ ሐሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። «ለመሆኑ ይሄን የቋጠርሽው አንቺ ነሽ?»

የወንድሟ ሚስት መቀሱን ጣለች። «እሷ ናት» አለች ወደ በሩ እያመለከተች። «እሷ ናት የቋጠረችው። ድሮም ሁሉንም የምትሠራው እሷ ናት። ንገሪያቸው እንጂ፣ እህቴ።»

በአሥር ዓመት ውስጥ እህቴ ብላት አታውቅም። ሦስቱም እንግዶች ዞረው ጣቴን አዩዋት። ሁለት ወር ሙሉ ስትመኘው የነበረው ቃል ይኸው ተነገረ፤ አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀራት።

«እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ» አለች ጣቴ። «እኔማ ውሃ የምቀዳላችሁ ነኝ።»

ባልዲዋን ይዛ ወደ ቧንቧው ሄደች።