የሽብሩ መኪና ሞተሪኖ

የነገረችኝ ኡሙልኸይር ናት፤ ጎረቤቴ፣ ግድግዳ ነው የሚለየን።

«ፋጤ፣ ሽብሩን ባልባላ ሰፈር አየሁት» አለችኝ። «አርብ ቀን፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ የዙለይካ በር ላይ ቆሟል። የጁምዓ ሰላት አልቆ ሰው ሲመለስ አብሮ ገባ።»

ዙለይካ ባሏ የሞተባት፣ መልኳ ግን ያልሞተባት ሴት ናት።

«ስንተኛ አርቡ ነው?» አልኳት።

«እኔ ሳየው ሁለተኛው።»

በቃ፣ የዚያን ቀን ምሳ አላማረኝም። ወሬው አጠገበኝ።

ሽብሩ እዚሁ ወደቡ ከተማ፣ አርሂባ ሰፈር፣ ከእኔ ሦስት ቤት አልፎ ነው የሚኖረው። ሄሮን፣ ፈረንጆቹ ሰፈር፣ የአንድ ፈረንሳዊ ሹፌር ነበር። ሰውዬው ሚሌኒየሙ ባለፈ በሦስተኛው ዓመት አገሩ ሲገባ መኪናውን ለእሱ ትቶለት ሄደ። የአሜሪካ መኪና ናት፣ ሙስታንግ ይሏታል፣ አፍንጫዋ ላይ ፈረስ አለ። የመጀመሪያ ልጄ እኩያ ናት። ስታምር አይጣል ነው፤ ግን አትነሳም። ሞተሪኖዋ፣ ማስነሻዋ፣ ተቃጥሏል፣ ቁልፍ ሲያዞሩ ጠቅ ትልና ዝም።

እዚህ አገር ለጃፓን መኪና የፈለግሽው አለ። ለእሷ የሚሆን ግን ጠፋ። ስለዚህ እንደ ልማዳችን አሮጌውን ፈቶ፣ በጆንያ ጠቅልሎ፣ እኔ ሻይ ቤት በሚያርፈው በከባድ መኪና ሹፌሩ በጌቾ እጅ ድንበር አሻግሮ አዲስ አበባ ላከው። እኛ ሁሉን በናሙና ነው የምናስመጣው። የልጅ ጫማ እንኳ ቢሆን አንዱን እግር ልከን ነው።

ያን ቀን ሽብሩ ለጌቾ ሲነግረው ሰማሁ። «ቀጸላን ከፊት አስቀምጬ ሄሮንን ላዞራት ነው» አለው። ቀጸላ ሚስቱ ናት። እዚያው ሄሮን ሰፈር ሰው ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ የሰው ልጅ አዝላ፣ በዚያ ሙቀት፣ በእግሯ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እትዬ ፋጤ፣ አደራ፣ አትንገሪያት። ስትነሳ ራሷ ትየው» አለኝ።

እኔ በዕድሜዬ የጠበቅሁት አንድ ምስጢር ቢኖር ይሄ ነው። እሱን በነገርኳት ኖሮ።

ጌቾ በወሩ አንድ ሞተሪኖ ይዞ መጣ። ከናሙናው ጎን ሲያስቀምጡት መንትያ ነው። ሽብሩ ገጠመውና ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው ለብቻው እየዞረ ጮኸ እንጂ ሞተሩን አልነካውም። ለካ ማርሹ በእጅ ለሚቀየር መኪና የተሠራ ነው፤ የሽብሩ ደግሞ አውቶማቲክ ናት። ወደ ውጭ የሚወጣው ጥርሱ ሞተሩ ጋ ለመድረስ የትንሽ ጣት ያህል ይጎድለዋል። ሽብሩ ከመኪናዋ ሥር እንደተኛ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ሸራ አለበሳትና ለቀጸላ «ተውኳት» አላት። እኔም የተዋት መሰለኝ።

የኡሙልኸይርን ወሬ ይዤ ወደ ቀጸላ የሄድኩት በሰማሁ ማግስት ነው። ልብስ ታጥፋለች። እንዳለ ብነግራት ምን ነበረበት? «በር ላይ ቆሞ ታየ» የሚለው ግን ቅመም አነሰው። «ሰግዶ ሲወጣ ታየ» አልኳት። ያም አልበቃኝ ብሎ «ሰልሟል አሉ፣ ኒካህም ታስሯል» ጨመርኩበት። ትጮሃለች፣ ታለቅሳለች፣ አብሬ አለቅሳለሁ ብዬ ነበር።

«ለዚህ ነው ለካ ሸሚዙን ራሱ የሚተኩሰው» አለች። ልብሷን ማጠፍ አላቆመችም።

እስከ ሐሙስ ድረስ ምንም አላለችውም። አርብ ጠዋት ሽብሩ ሲወጣ ጠብቃ፣ ያጠፈችውን በሻንጣ ይዛ፣ የሰማችውን ለኡሙልኸይር ነግራ፣ የቤቱን ቁልፍ ሰጥታት ድሬዳዋ እህቷ ዘንድ ሄደች።

ሽብሩ በዘጠኝ ሰዓት ከሚኒባስ ወረደ። በነጩ ሸሚዙ ላይ ሞተሪኖ አቅፏል። ወደ ቤቱ እንኳ ሳይገባ በቀጥታ ከመኪናዋ ሥር ተኛ። ቁልፉን ሲያዞር አርሂባ ሙሉ ወጣ። ድምጿ ደረት ውስጥ ይገባል። ጥሩምባውን እየነፋ «ቀጸላ፣ ነይ ውጪ» ይላል፣ ይስቃል። ስንት ዓመቱ ነው እንደዚያ ስቆ የማያውቅ ሰው።

ኡሙልኸይር የቤቱን ቁልፍ ሰጠችው። «ድሬዳዋ ገባች» አለችው። «ዙለይካን አግብቷል፣ ሰልሟል ብለው ነገሯት።»

ሽብሩ እጁን አየ፤ ግራሶ ብቻ ነው።

«የዙለይካ ባል አሮጌ መኪና የሚፈታ ሰው ነበር» አለ። «ግቢያቸው ውስጥ የእኔን ዓይነት ሞተር ያላት አውቶማቲክ ፒካፕ አለች። የሚፈታልኝ ትልቁ ልጇ ነው፣ መካኒክ ነው፣ እሱ ደግሞ አርብ ብቻ ነው፣ ያውም ከሰላት በኋላ፣ የሚገኘው። በር ላይ እጠብቀው ነበር።» ከዚያ ማንንም ሳያይ «የሰው ቤት ነው ብዬ ነው ሸሚዝ የለወጥኩት» አለ።

ወደ ስልኳ ደወለ። ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ። መኪናዋ ባዶ ወንበሯን ይዛ ታጓራለች። ሴቶቹ ሁሉ «ማን ነው እንዲህ ያላት?» ይባባላሉ። እኔም አብሬ «ማን ይሆን?» አልኩ፤ አፌ ከልማዱ የት ይሄዳል። አንድ ነገር ላድርግ ብዬ «ጌቾ ነገ ይወጣል፣ በድሬዳዋ ዞሮ እውነቱን ይንገራት፣ በእሱ እንላክላት» አልኩ።

ዘቢባ ሳምቡሳ የምትሸጠው ናት፤ የአርባ ዓመት ጓደኛዬ። ያን ጊዜ ቀጸላ ቤት ስገባ ከበር አይታኛለች። ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠችና አየችኝ።

«ውሸቱን በእግርሽ ሄደሽ አድርሰሽላት፣ እውነቱን በሹፌር ትልኪያለሽ?» አለችኝ።