ለእማዬ የመረጥኩላት ስልክ

...ብሎን ነው ዋናው፣ ብሎን፣ በብሎን የታሰረ ነገር ይፈታል፣ በሙጫ የተጣበቀ ግን ያስለምንሻል፣ ያስለቅስሻል፣ በመጨረሻም እጅሽ ላይ ይሰበራል፣ ይህን ሚጡን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ እዚያው የስልክ ጥገና ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከጎኔ አስቀምጬ፣ ዛሬ ይህችው ታናሽ እህቴ የራሷን ሱቅ ከፍታ ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፣ ደንበኞቼ በደጄ አልፈው እሷ ጋ ይገባሉ፣ አንዳንዶቹ ሰላም እንኳ ይሉኛል፣ ሰላም ብለውኝ አልፈው ይገባሉ።

አሁን ሁለታችንም እማዬ ሶፋ ላይ ነን። እማዬ መሃላችን። ስልኳ ከሞተ ሳምንቱ ነው፣ አዲስ አልፈልግም፣ ያገለገለ ፈልጉልኝ፣ ብላ ለሁለታችንም እኩል ነገረችን፣ እኩል መንገሯ ራሱ አንጀቴን አሳረረው፣ ትልቋ እኔ አይደለሁም እንዴ?

ሳምንቱን ሙሉ አራት አሮጌ ስልክ ደርድሬ ሳወዳድር ሰነበትኩ፣ አንዷ ስክሪኗ ልዩ ነው፣ መለዋወጫዋ ግን ከገበያ ጠፍቷል፣ አንዷ ርካሽ ነች፣ በየስድስት ወሩ የቻርጀር መሰኪያዋ ይላላል፣ አንዷ አፕዴት መቀበል ካቆመች ቆየች፣ ነገ የባንኩ መተግበሪያ አልከፈትም ይላታል፣ አራተኛዋ፣ ወፍራሟ፣ የኋላ ክዳኗ በጥፍር ይነሳል፣ ባትሪዋን እማዬ ራሷ ትቀይረዋለች፣ ስክሪኗ በየሱቁ ሞልቷል፣ ብትወድቅ የሚጎዳው ወለሉ ነው፣ የሦስት ዓመት ወጪዋን ደመርኩ፣ ከሁሉም ታንሳለች፣ ከዚህ በላይ ፍቅር ምን አለ? እማዬ ተቀብላኝ ገልበጥ አድርጋ ታያታለች፣ እህ፣ ጠንካራ ትመስላለች፣ ትላለች። ጠንካራ። ስለ በር የምታወራ ነው የሚመስለው።

ከዚያ ሚጡ ቦርሳዋን ትከፍታለች።

ቀጭን፣ ፏ ያለች፣ መስታወቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ ጎን ፍስስ ያለ፣ እማዬ ውይ ስታምር! ትላለች፣ መነጽሬን አቀብሉኝ ትላለች፣ ለእኔዋ መነጽር አልፈለገችም፣ አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠኝም፣ ከልጅነታችን ጀምሮ አያመልጠኝም፣ ለማን ቀድማ እንደሳቀች፣ የማንን ደብተር ጎረቤት እንዳሳየች። እስቲ ልያት፣ እላለሁ፣ ድምፄን የባለሙያ አድርጌ። ይሄ መስታወት ቢሰነጠቅ ማስቀየሪያው ስልኳ ከተገዛችበት ይበልጣል፣ ባትሪው በሙጫ የተቀበረ ነው፣ ቀሽም ምርጫ፣ ለዓይን የተመረጠ፣ ጥፍሬን በጠርዟ አስኬደዋለሁ፣ እና ምልክቱን አገኘዋለሁ። ተከፍታለች።

ባትሪዋን ቀይሬዋለሁ፣ ትላለች ሚጡ ቀስ ብላ፣ ከሥሩ መጎተቻ ክር አድርጌበታለሁ፣ ሁለተኛ ሲከፈት እንዳያስቸግር። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነብላታለሁ፣ ሙጫው እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ የትም አልፈሰሰም፣ የሙቀት ጠባሳ የለ፣ ጭረት የለ፣ እኔ ባለፈው ወር እንዲህ ያለ መስታወት ሁለት ሰብሬያለሁ፣ ሁለት፣ ለማንም አልተናገርኩም። እነዚህን ጣቶች እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። መቼ አለፉኝ?

አፌ ይቀድመኛል። እማዬ፣ ይቺ ተከፍታለች፣ የተነካካ ስልክ አይያዝም።

ውሸት አይደለም፣ ተከፍታለች፣ ግን በቀን አሥር ስልክ የምከፍት ሴት፣ የተነካካ፣ ይህን ቃል ከየት አመጣሁት፣ ሚጡ አንገቷን ትደፋለች፣ ምነው በተከራከረችኝ፣ ምነው በጮኸችብኝ።

ማን ነው የከፈታት? ትላለች እማዬ። እኔ፣ ትላለች ሚጡ። እንዲያ ከሆነማ ጥሩ ነው፣ ሆዷን የሚያውቅላት ሰው አላት፣ ሲም ካርዴን አስገቡልኝ። አለቀ። ለመበሳጨት እንኳ ጊዜ አልሰጠችኝም።

ወፍራሟን ቦርሳዬ ውስጥ ጥዬ ደረጃውን እወርዳለሁ፣ የጫማዬ ድምፅ የሌላ ሰው ይመስላል፣ ከኋላዬ እታለም! እታለም ቆይ! ትላለች ሚጡ፣ አሁን ልታዝንልኝ ነው፣ ብታዝንልኝ እገላታለሁ። ያቺን ወፍራሟን ስልክ ለእኔ ሽጪልኝ፣ ትላለች። ምን? ለራሴ ነው፣ ለእማዬም መጀመሪያ የፈለግኩት እሷን ነበር፣ ዞሬ ዞሬ አጣኋት፣ አንቺ ግን ሁሌ ታገኛለሽ፣ የሚበረክተውን ታውቂዋለሽ፣ እኔ እጅ እንጂ ዓይን የለኝም፣ ያማረውን ይዤላት መጣሁ።

ፊቷ ላይ ሹፈት እፈልጋለሁ። የለም። ደስ ይለኛል፣ ደስ ስላለኝ አፍራለሁ፣ እሷም፣ እሷም ታዲያ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን በሱቋ መስኮት እኔን ስታይ...

አልሸጥልሽም፣ እላታለሁ።

እሺ፣ ትላለች።

ቆመናል። የታች ቤት ሰውዬ በመሃላችን ይቅርታ ብሎ ያልፋል። መስታወቱን ግን በስንት ዲግሪ ሙቀት ነው ያነሳሽው? ይሄን የምለው እኔ ነኝ። አታሾፍብኝም፣ ከዲግሪው ይልቅ ትዕግሥቱ ነው እታለም፣ ጥግ ላይ አትጀምሪ፣ ትላለች፣ መዳፌን ትዘረጋዋለች፣ ጣቴን በጣቷ ትገፋለች፣ እንዲህ፣ ቀስ፣ ሲታገልሽ ተዪው፣ ተመለሺ፣ ጣቶቿ ከእኔ ይቀጥናሉ፣ ያናድደኛል፣ አሁንም ያናድደኛል።

ድገሚልኝ፣ እላታለሁ።