የመርከቡ ሰዓት

አስጎብኚዋ ኤርመሊንዳ የእንግዳዋን የእጅ ሰዓት ልብ ያለችው ሞንቴ ቬርዴ ተራራ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን በፍየል አይብ ሲበላ ነው። ዘጠኝ ተኩል ይላል። የእሷ ገና ስምንት ተኩል ነው።

«ጌታዬ፣ ሰዓትዎ ይቀድማል።»

«የእኔ ሰዓት አይቀድምም» አለ አቢሊዮ፣ ከሊዝበን የመጣው ጡረተኛ ዳኛ። «የመጣሁበት መርከብ የሚሠራው በዚህ ነው።»

ክው አለች። ሌሎቹ መርከቦች ሚንዴሎ ወደብ ሲደርሱ ሰዓታቸውን ከደሴቲቱ ጋር ያስተካክላሉ፤ ይኼኛው አላስተካከለም። ጠዋት የወደቡ ዘበኛ «መንገደኞች አስር ተኩል ይግቡ» ሲላት እንደ ወትሮው በደሴቲቱ ቆጠራ ወስዳው ነበር። ሁለት ሰዓት አለኝ ስትል የቀራት አንድ ብቻ ኖሯል። መንገደኛ ያስቀረ አስጎብኚ የሥራ መታወቂያውን ይነጠቃል፣ ያለ መታወቂያ ደግሞ ወደብ ድርሽ የለም። አምና የተነጠቀችው ባልደረባዋ ኢዛልቲና ዛሬ የሰው ልብስ ታጥባለች።

«ይነሱ፣ አሁኑኑ እንውረድ!»

«ስንወጣ ቀስ በሉ፣ ስንወርድ እንደ ፍየል ዝለሉ? ጉልበቴን ከየት ላምጣልሽ?»

«መርከቡ ያመልጥዎታል።»

«አስጎብኚዋ አንቺ ነሽ። ሰዓት መጠየቅ ያንቺ ሥራ ነው።»

«እጅዎ ላይ አስረውት ሲዞሩ ምን ነበረበት ቢነግሩኝ?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

ጉም ያረጠበው የድንጋይ መንገድ ያንሸራትታል። ክንዱን ልትይዘው ስትል «አትንኪኝ!» ብሎ እጇን ገፋው። ፊት ፊት ወረደች። ሰውዬው ወድቆ አንገቱ ሲሰበር፣ እሷ ፖሊስ ጣቢያ ስትቀመጥ፣ ልጇ ናይሪ ከትምህርት ቤት መጥታ ቤቱን ባዶ ስታገኘው፣ ሁሉንም አስቀድማ በሐሳቧ አየችው። ዞር ባለች ቁጥር ግን ሰውዬው እያጉረመረመ ይከተላታል።

መንታ መንገዱ ላይ ሾፌሩ ጆዛ እግሩን በመኪናው መስኮት አውጥቶ ተኝቷል።

«ተነሳ! ረፍዷል!»

«አስር ሰዓት አላልሽኝም?»

«በመርከቡ ሰዓት አልፏል።»

«ጉድ! ነገ ደግሞ የራሳቸውን ፀሐይ ጭነው ይመጣሉ።» ዳኛው የመኪናውን በር ጓ አድርጎ ሲዘጋ ጆዛ በመስታወት አየው። «ቀስ ይበሉ እንጂ አባት፣ የችሎት በር አይደለም።»

ወደቡ ሲደርሱ አራት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ኤርመሊንዳ ተመስገን ልትል አፏን ስትከፍት፣ አቢሊዮ ዘበኛው ቪርጉሊኖ ፊት ቆመ።

«ይህቺ ሴት ልታስቀረኝ ነበር። ስሟ ይጻፍ።»

ይህን ብሎ ወደ መርከቡ መሰላል ሄደ።

ቪርጉሊኖ እጁን ዘረጋ። «መታወቂያሽን አምጪ።»

«ደርሷል እኮ! በእግሩ እየሄደ አይደል እንዴ?»

«ዳኛ ነው። ካልተቀበልኩሽ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ጠዋት አስር ተኩል ያልከኝስ አንተ አይደለህም? በማን ሰዓት እንደሆነ ነገርከኝ?»

ዘበኛው ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይቺን ነገር ሁለተኛ እንዳትደግሚያት።» መታወቂያውን ከአንገቷ ራሱ አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ጣለው። «ሰኞ ተመለሺ።»

«ሰኞ ማን አለ?»

«እኔ የለሁም።»

«እንግዲያውስ ሳትሰጠኝ ንቅንቅ አልልም» ብላ የቢሮው ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች።

መርከቡ ጮኾ ወጣ። ጆዛ ከመኪናው ሆኖ ሁለቴ ጠራት፤ ስላልተነሳች ጥሏት ሄደ። ጀንበሯ ስትጠልቅ ቪርጉሊኖ መብራቱን አጥፍቶ ወጣ፣ በእግሯ ላይ ተራምዶ አለፈና መታወቂያዋ ውስጥ እንዳለ በሩን ቆለፈው።