የማኽሼቭ ሽምግልና

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። ባልና ሚስት በአማት ሲጣሉ አይቻለሁ፣ በመጠጥ ሲጣሉ አይቻለሁ፣ በቅናትማ የሚጣላው አይቆጠርም። በማኽሼቭ፣ በዕብራይስጥ ኮምፒውተር ማለት ነው፣ ሆድና ጀርባ የሆኑ ግን የኔዎቹን ብቻ ነው ያየሁት። እህቴ ሀረጓ ባሏን ክንዴን አኩርፋ ራማት ኤሽኮል ሰፈር እኔ ቤት የመጣች ዕለት፣ መታሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። የለም። ሌላ ሴት ያዘ ወይ? የለም። ታዲያ ምን ሆናችሁ ብላት፣ የማይሆን ማኽሼቭ ካልገዛን አለኝ ብላ አለቀሰች። እኔ ፋንታነሽ፣ ቀኑን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ሳጥብ ውዬ ወገቤ ተቆርጦ የገባሁት ሴትዮ፣ ልሳቅ ወይስ ልቆጣ ግራ ገባኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጣን ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር። ሀረጓ ጎንደር ሳለን ሥዕል አስተማሪ ነበረች፣ ክንዴ ደግሞ ሒሳብ። ከኡልፓን፣ ከቋንቋ ትምህርት ቤቱ፣ እንደወጡ እሱ የማኽሼቭ ኮርስ ገባ፤ እሷ ማትናስ፣ የሰፈሩ ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ማለት ነው፣ አዛውንቱን ማስተማር ጀመረች። የጋዝ ምድጃ እንዴት እንደሚጠፋ፣ ከኩፓት ኾሊም፣ ከጤና ጣቢያው፣ የተሰጠ መድኃኒት እንዴት እንደሚዋጥ በወረቀት እየሣለች ታሳያቸዋለች። ይህ ሥዕል ቢንቀሳቀስ፣ በአማርኛ ቢናገር፣ በቪድዮ ካሴት ተቀድቶ አዲስ መጤው በሚኖርበት በየካራቫኑ ቢዳረስ ብለው ሁለቱም አሰቡ። ሐሳቡ የማን ነው ብላችሁ ብትጠይቋቸው እሱ "የሷ" ይላል፣ እሷ "የሱ" ትላለች። እንዲህ ነበር የሚዋደዱት።

አንድ ባለጸጋ ለማትናሱ አንድ ማኽሼቭ ልግዛ አለ። የማትናሱ ኃላፊ ሮተም ደግሞ ቅን ሴት ናትና፣ የሚሠሩበት እነሱ ስለሆኑ እነሱ ይምረጡ ብላ ለቀቀችላቸው። ሰይጣን የገባው ያኔ ነው።

ክንዴ ፒሲ አለ። አገሩ ሁሉ የሚሠራበት እሱ ነው፣ ቢበላሽ ራሴ ፈትቼ እገጥመዋለሁ፣ ነገ ሌላ ፕሮግራም ቢመጣ ለሱ ነው የሚመጣው አለ። ሀረጓ አሚጋ የሚባለውን ሌላ ዓይነት አለች። አሚጋን ያየችው ባርኔአ ሰፈር፣ የሰርግ ቪድዮ የሚያነሣ ኦሬን የሚባል ሰው ቤት ነው። ኦሬን በዚያ ማሽን የሙሽሮቹን ስም በፊልሙ ላይ ይጽፍበታል። ገመዱ በቀጥታ ከቴሌቪዥን ጀርባ ይሰካል፤ እሷ ወፍ ሣለችበትና እዚያው በረረችላት። ከዚያ ወዲያ በምን ትስማ! ማኪንቶሽ የሚባልም ሦስተኛ ነበረ፤ ዋጋውን ሲሰሙ ሁለቱም ባንድነት ተዉት። የተስማሙት በሱ ብቻ ነው።

ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ ችግሩም እሱ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ የተማረ ሰውም ያው ነው ለካ። እሱ ማሽንሽ የልጅ መጫወቻ ነው አላት። እሷ አንተ ማሽን እንጂ ሰው አይተህ አታውቅም አለችው። ከዚህ በኋላ ነው እኔ ዘንድ የመጣችው።

በእኛ ደንብ አኩርፋ የወጣች ሚስት በራሷ እግር አትመለስም፤ ባል ሽማግሌ ይልካል። ክንዴ ግን አልላከም። ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ተደገመ፤ ሰፈሩ ስለ ፍቺ ማንሾካሾክ ጀመረ። እኔም ተናደድኩ፤ በሱ ብቻ ሳይሆን ምግቧን ሳትነካ መስኮት መስኮቱን በምታየዋ በሷም። በኋላ ግን አባባ ደርሶንና አባባ ማናዬን ላከ። አባባ ደርሶ ስንት ደም ያደረቁ ሰው ናቸው፤ አባባ ማናዬም ጆሯቸው ቢከዳቸው እንጂ ፍርዳቸው አይዛነፍም።

ተቀመጡ፣ ሁለቱንም አስማሉ፣ ዋስ አስጠሩ። ከዚያ ስለማያውቁት ማሽን በሚያውቁት መንገድ ጠየቁ፤ ልጅ ሲያጋቡ እንደሚጠይቁት ማለት ነው። ዘመዱ ማን ነው አሉ። እኔ በነጠላዬ አፌን ይዤ ሳቅሁ፤ ክንዴ ግን ፊቱ በራ። የኔው ማሽን ዘመዱ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየባንኩ፣ በየትምህርት ቤቱ አለ አለ። የሷሳ? ሀረጓ አንገቷን ደፍታ፣ አንድ ባርኔአ አለ አለች። አባባ ደርሶ፣ አንድ ዘመድ ያለው ክፉ ቀን ሲመጣ በማን ይቆማል ብለው ጠየቋት። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ እህቴ የተረታች መሰለኝ። ሽማግሌዎቹ ግን ያላየነውን አንፈርድም፣ ማክሰኞ ሁለታችሁም ሠርታችሁ እዚሁ አሳዩን ብለው ተነሡ።

እነሱ ከወጡ በኋላ ሀረጓ የተናገረችውን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

"ተረትቼም እመለሳለሁ፣ ምያለሁና። የሚመለሰው ግን አካሌ ብቻ ነው።"

ጊዜው ከአይሁድ ፋሲካ በኋላ ያለው፣ በዚህ አገር ሰርግ የማይደረግበት ሰሞን ነበር። ኦሬን ሥራ ስለፈታ ማሽኑን በመኪናው አምጥቶ አዋሳት። እሷም ከቴሌቪዥኔ ጋር አጋባችው። ያን ቴሌቪዥን ባየ የሚባለው ባሌ እንኳ ሳያስፈቅደኝ አይነካውም፤ እሷ ግን ጀርባውን አዙራ ገመድ ስትጎለጉልበት ተውኳት። ከሥራ ስመለስ ባየ ሳሎን መግባት ፈርቶ ኩሽና ተቀምጦ አገኘሁት።

"እቴ፣ አባባ ጎሹ እንዴት ነበር የሚሄዱት?" አለችኝ።

ደነገጥኩ። አባባ ጎሹ የክንዴ አባት ናቸው፤ የአንድ መንደር ሰዎች ነን። አውሮፕላኑን ሲጠብቁ አዲስ አበባ ላይ አረፉ፣ እዚያው ቀበርናቸው። ፎቶግራፍ የላቸውም። ክንዴ ካረፉ ወዲህ ስማቸውን ሲያነሣ የሰማ የለም። የሞተ ሰው መጫወቻ አይደለም፣ ይህን ብታሳዪው ያገኘሽው ሽማግሌ ሁሉ አያስታርቅሽም ብዬ ጮህኩባት። እሷ ግን አልተቆጣችም። አንድ ቀን ክንዴ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኖ፣ የአባቴ መልክ እየጠፋብኝ ነው ብሏታል። ለሷ ብቻ ነው የነገራት። እንግዲህ ምን እላለሁ?

ተነሥቼ ሄድኩላት። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ወገቤ፣ ሳሎን ለሳሎን እንደ ሽማግሌ ተጎተትኩ! አባባ ጎሹ ግራ እግራቸውን ይስቧታል፤ አንድ እጃቸው ከኋላቸው ነው። ደግሞ አጭር ሰው ሆነው ሳለ በየበሩ ጎንበስ ይሉ ነበር፣ በሩ ሁለት እሳቸውን የሚያሳልፍ ቢሆንም። ልጆች ሳለን እንስቅባቸው ነበር። ሀረጓ ታየኛለች፣ ትሥላለች፣ ታስኬደዋለች። አይደለም፣ እግሩ ቀደመ እላታለሁ። እዚያው ታርመዋለች፣ እዚያው ይሄዳል። አንገቱ ቀና አለ እላታለሁ፤ እንደገና። አንዲት እርምጃ ስንት ሥዕል እንደምትበላ ያየሁት ያኔ ነው። ለምን ያን ማሽን እንደወደደችውም ገባኝ፤ እጇ ያሰበውን ሳይቀዘቅዝባት ያሳያታል። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሥዕሉ ከቴሌቪዥኑ ጥግ መጣ፣ በሩ ጋ ደረሰ፣ ጎንበስ አለ። እኔ አፌን ያዝኩ። እሳቸው ናቸው። እህቴን ሃምሳ ጊዜ ገሥጫታለሁ፤ ያን ዕለት ግን እጇን ስሜ አለቀስኩ።

ማክሰኞ ክንዴ ከኮርሱ የተዋሰውን ፒሲ ከነመስተዋቱ ተሸክሞ መጣ። ምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ለሱም የሚገባውን ልስጠው፦ ጉድ ነው የሠራው። የአማርኛ ፊደል በዚያ ማሽን ውስጥ አልነበረም፤ እሱ ራሱ አንድ በአንድ ቀርጾ አስገብቶታል። "ሰላም" የሚል ቃል ከሩቅ መጣ፣ ቀለሙ እየተለዋወጠ ዞረ፣ ቆመ። አባባ ማናዬ በዚህ አገር የገዛ ፊደላቸው ሲወጣ አይተው ጣታቸውን ወደ መስተዋቱ ዘረጉ። መስተዋቱ ትንሽ ስለሆነ ሽማግሌዎቹ በየተራ ነበር የሚጠጉት፤ ግን እየተደነቁ ነው። ሀረጓ እንኳ አየችው፤ ቂሟን ለአፍታ ረስታ ፊደሉ አምሮበታል አለች፣ ወደኔ ዞራ፣ ለኔ እንደምትናገር። ከሱ ጋር አይነጋገሩምና።

ተራው የሷ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ሶፋው ላይ፣ ክንዴ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ፣ ባየ መሬት ላይ። እሷ ማሽኑ ጋ ቆመች። ክንዴ ተነሥቶ ከወጣ አለቀ፣ ከዚያ ወዲያ እህቴ ባል የላትም።

ቴሌቪዥኑ ላይ ባዶ ቤት ታየ። በሩ ተከፈተ። አንድ አጭር ሽማግሌ ግራ እግሩን እየሳበ፣ አንድ እጁን ከኋላው አድርጎ መጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ጎንበስ አለና ገባ።

የክንዴ ወንበር ወደቀ። ቆሟል። ሊወጣ ነው ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ።

"ኖር!" አለ።

ዐይኔን ስገልጥ ሁለቱ ሽማግሌዎችም ምርኩዛቸውን ይዘው ከሶፋው ተነሥተዋል። ታላቅ ሰው ሲገባ ተቀምጦ የሚቀበል በእኛ ዘንድ የለምና፣ ሰውነታቸው ሳያማክራቸው ተነሣ። "ኖር፣ ኖር" አሉ ለቴሌቪዥን! ባየም ከመሬት ተነሣ፤ እኔም ቆሜ ባልገኝ እነሣ ነበር። ሥዕሉ ግን ድምፅ የለውም። ኖር ተብሎ መልስ የማይሰጥ እንግዳ ደግሞ የለም። ሁላችንም ቆመን ጠበቅን፣ ምን እንደምንጠብቅ እንጃ።

"በእግዜር" አለች ሀረጓ፣ በሳቸው ፈንታ።

ፍርዱን ልንገራችሁና ይውጣልኝ። ለሷ ፈረዱ፣ የተገዛውም አሚጋው ነው፤ ሮተም ዘንድ ሄዶ ስሙን የተናገረውም ክንዴ ነው። ሀረጓ የዚያኑ ዕለት ቤቷ ገባች፣ አካሏም ልቧም። ካሴቶቹ በየካራቫኑ ዞሩ፤ ብዙ አዛውንት ጋዝ ማጥፋትን ከሷ ሥዕል ተማረ። ዓመት ቆይቶ የማሽኑ ሠሪ ድርጅት ተዘጋ አሉ፤ ዛሬ ሁሉም ቤት ያለው የክንዴ ፒሲ ነው። እንግዲህ እሱም ልክ ነበር፤ ሀረጓ ራሷ ትለዋለች።

ግን ሽማግሌዎቹ ፍርድ ከመስጠታቸው በፊት የሆነውን አልጨረስኩም። ሥዕሉ አልቆ ቴሌቪዥኑ ጠቆረ። አባባ ደርሶ የተነሡት ለማን እንደሆነ ሲገባቸው አፍረው ተቀመጡ፣ አባባ ማናዬም ተከተሏቸው። ክንዴ ግን አልተቀመጠም። ፊቱ በእንባ ርሷል፤ አልጠረገውም። ከተጣሉ ጀምሮ ሲያናግራት የመጀመሪያው ነው።

"ሀረግዬ" አላት፣ "ድገሚልኝ።"

ደገመችው። በሩ ተከፈተ፤ አባባ ጎሹ ጎንበስ ብለው ገቡ። ሽማግሌዎቹም አሁን ሥዕል መሆኑን እያወቁ፣ ምርኩዛቸውን ፈልገው እንደገና ተነሡ።