ዝቅ ማለት ያቃተው ቀያሽ

በ1957 ዓ.ም. የገና ዕለት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አሰበ ተፈሪ በመሬት ቀያሹ በጀምበሩ ግቢ በተጣለው ዳስ ውስጥ አሥራ ሁለት እንግዳ፣ አሥራ ሁለት በርጩማና አንድ ሰሌን ነበር። በርጩማዎቹ እያንዳንዳቸው ከመሬት ሠላሳ አምስት ሳንቲም ከፍ ይላሉ። ሰሌኑ የጀምበሩ ነው።

ነገሩ ስእለት ነው። ባለቤቱ ዘውድነሽ በመስከረም ወባ ጥሏት ስትቃዥ፣ ጀምበሩ አሰቦት ገዳም ወጥቶ፣ «እሷን ማርልኝ እንጂ በልደትህ ቀን አሥራ ሁለት ሰው አበላለሁ፤ ከሁሉም ዝቅ ብዬ እቀመጣለሁ» ብሎ ተሳለ። ዘውድነሽ ዳነች። ስእለቱን ካላደረሰ ግን በሽታው እንዳይመለስባት ፈርቷል።

ሰሌኑ ላይ ቁጭ አለ። አሥራ ሁለቱም ብድግ አሉ።

«በማርያም!» አሉ ቄስ ኃይለየሱስ። «ጌታ በበረት በተወለደበት ቀን ባለቤቱ መሬት፣ እኔ በርጩማ ላይ?» ወርደው ከጎኑ ተቀመጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

«አባ፣ ይነሡልኝ፤ ስእለት አለብኝ።»

«ስእለቱ ያንተ፣ ኩነኔው የእኔ?»

ጀምበሩ ዶማ አመጣ። ዳሱ መሀል አንድ ክንድ ቆፍሮ ገባበት። ከእንግዶቹ አንዱ መምህር ዓባይ ኮቱን አውልቆ የጉድጓዱን ጎን አሰፋና ወረደ።

«ጋሼ ጀምበሩ፣ ትሕትናን ለብቻዎ ሊይዙት ነው እንዴ?»

ጀምበሩ ጠለቅ አደረገው። ቄሱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ዘለሉ። ቀትር ላይ ጉድጓዱ ዘጠና ሳንቲም ደርሶ አሥራ ሦስት ሰው ጉልበት ለጉልበት ተጣብቆ ነበር። የዶሮው ወጥ ከላይ ረግቷል።

ጎረቤታቸው ሞሚና ለበዓሉ ወተት ይዛ መጣች፤ ጎንበስ ብላ አየች።

«ያ ረቢ! ማል ታታን? ምን ሆናችሁ? ዛሬ ልጅ ተወለደ አላላችሁም? ይሄ መቃብር ነው!»

«ዝቅ እያሉ ነው» አለች ዘውድነሽ። «ወባ የማረኝን ሴትዮ በረሃብ ሊጨርሱኝ።»

«በመቆፈር የሚጸደቅ ከሆነማ ጉድጓድ ቆፋሪው ባሌ መስዑድ ወሊ ነዋ፣ እናንተ ቅዱስ የምትሉት!»

ቄሱ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን መሀል ላይ ቆመ።

«ጀምበሩ፣ እውነቷን ነው። ዝቅታውንም እንደ ሹመት ተሻማንበት። አንተ ውጣና እዚያ የአፈር ቁልል ላይ ተቀመጥ።»

«ስእለቴስ?»

«ከሁላችን በላይ መቀመጥ ያሳፍርሃል?»

«በጣም!»

«እንግዲያ ዝቅታህ እሱ ነው። እኛ ከዚህ አንወጣም፤ እምቢ ካልክ ምሳ የለም።»

ጀምበሩ ወደ ዘውድነሽ ቀና አለ። ድስቱን የያዙት እጆቿ ገና ከሲታ ናቸው። ወጣ። ከመሬት ሰባ አምስት ሳንቲም ከፍ ያለው ቁልል ላይ ተቀመጠ። እግሩን የሚያሳርፍበት አጥቶ ከቄሱ ጥምጣም በላይ አንጠለጠለው፤ ላብ አጠመቀው። ቄሱ ከጉድጓድ ውስጥ ማዕዱን ባረኩ። ዘውድነሽ አጎረሰችው፤ አንገቱን ደፍቶ ጎረሰ።

በዚያ ዓመት ወባው አልተመለሰባትም። ጀምበሩ ስእለቱን ያደረሰው ከእንግዶቹ ሁሉ በአንድ ሜትር ከስድሳ አምስት ሳንቲም ከፍ ብሎ ተቀምጦ ነው።