ለያኩቡ እናት ቤት ልስን

የያኩቡ እናት ቤት በነሐሴ ዝናብ ፈረሰ። ወሬው አሜሪካ፣ ታከር ከተማ ሲደርስ ያኩቡ ከኩላሊት እጥበት ተመልሶ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ነበር። ሻንጣ ላውርድ ብሎ ቢነሳም ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ተመልሶ ተጋደመ።

«አንተ አትሄድም፤ እኔ እሄዳለሁ» አለችው ሚስቱ ወይንሸት።

የተዋወቁት መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ሲነዱ ነው። እሱ የሰሜን ጋና ገጠር ልጅ ነው። አገሩን ያየችው አንዴ፣ በሙሽርነቷ ሲወስዳት ነበር፤ ያኔ እናቱ እማማ ሐጃራ «ልጄን አሜሪካ ያስቀረችብኝ እሷ ናት» ብለው ፊት ነሷት። ሕመሙንም እስከ ዛሬ አልሰሙም።

«ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው በያት፤ አደራ» አላት ያኩቡ።

ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ ግድ ሆነ፤ መንገዱ አያስገባም፣ የጭቃ ጡቡም አይደርቅም። በጥቅምት መጨረሻ ወንድሟ አሸብር ኤርፖርት አደረሳት።

«ያጠራቀምሽውን ቫኬሽን ሁሉ ለጭቃ ቤት? ያውም ለማይወዱሽ ሴትዮ?»

«ባይወዱኝም ደጅ አያድሩም። አንተ ብቻ ዳያሊሲሱ እንዳያመልጠው ፒክ አድርገው።»

«እሱን ለኔ ተይው።»

የተሳፈረችበት መኪና መንደሩ ሳይደርስ ዝናቡ የተወው ጭቃ ያዘው። ወይንሸት ሻንጣዋን ተሸክማ፣ ከቁመቷ በላይ ባደገው ማሽላ መሃል በእግሯ ገባች። እማማ ሐጃራ ጎረቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። የያኩቡ እህት ሰላማቱ ከጎናቸው ሆና በእንግሊዝኛ ታስተረጉማለች።

«ልጄስ?» አሉ።

«ሥራ…» ብላ ጀመረች። አሮጊቷ ግን ከኋላዋ ያለውን መንገድ ነበር የሚያዩት። ወይንሸት ሻንጣዋን አስቀመጠች።

«ታሟል፣ እማማ። ኩላሊቱ ነው። ሊመጣ ተነስቶ ነበር፤ አቅም አጣ።»

እማማ ሐጃራ ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው አለቀሱ። ከዚያ ተነስተው ወደ ጎረቤቱ ቤት ገቡ። ወይንሸት ያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ቢያባርሩኝም ቤቱን ሳልጨርስ አልሄድም ብላ ቆረጠች።

ወንዶቹ ጡቡን ደርድረው ግድግዳውን አቆሙ። ልስን እዚያ የሴቶች ሥራ ነው። ወይንሸት ጭቃ ዘግና ስትለጥፍ፣ ስትለጥፍ ይረግፍባታል። አንድ እጅ አንጓዋን ያዛት። እማማ ሐጃራ ናቸው፤ ሰላማቱ ቃላቸውን ታስተረጉማለች።

«በጣት አይደለም፤ በመዳፍሽ ጫን አድርጊው።»

ያን ቀን እስኪመሽ ጎን ለጎን ለሰኑ።

ያኩቡ ሲደውል ተቆጥቶ ነበር። «ለምን ነገርሻት?»

«መዋሸት አቃተኝ። እሳቸው ደግሞ መስማት አላቃታቸውም» አለችው።

እናቱ ስልኩን ተቀብለው ከግድግዳው ጀርባ ሄዱ። ብዙ አወሩ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ለሰላማቱ አንድ ነገር ነገሯት።

«አንድ ክፍል ይጨመር ብላለች» አለች ሰላማቱ። «እሱ ሲሻለው አብራችሁ የምታርፉበት።»

ወይንሸት በማግስቱ ማናጀሯ ጋ ደወለች።

«አንድ ሳምንት ጨምርልኝ። ያለ ክፍያም ቢሆን።»

እያጉረመረመ እሺ አላት። ስልኩን ዘግታ እጅጌዋን ሰበሰበችና ጭቃ ወደሚረግጡት ሴቶች ሄደች።